ሳነቴን በሐምሌ

በሐምሌ በሞተር ሳይክል ባሌ እሄዳለሁ ስል ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን የያዝኩትን ብርጭቆ ነው። ምን እንደጠጣሁ ማወቅ ፈልጋ ነው።

"ሻይ ነው" አልኳት።

"እሱማ ይታየኛል። የፈራሁትም ለዚህ ነው" አለችኝ።

ዲሽ ሠሪ ነኝ። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከአያት እስከ ኢምፔሪያል ባለው ሰፈር ጣሪያ ላይ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። መሣሪያዬንና የሽቦ ጥቅሌን የምታመላልስልኝ አንዲት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር አለችኝ። ከከተማ ወጣች ቢባል ከቢሾፍቱ አልፋ አታውቅም። እንግዲህ እሷን ይዤ ነው አሰላን፣ በቆጂን፣ ዲንሾን አልፌ፣ ከጎባ በላይ ሳነቴ የሚባለውን ቁር የማይለየው ከፍታ ተሻግሬ፣ በሐረና ደን ቁልቁል ወርጄ ደሎ መና እገባለሁ ያልኩት። እዚያ ታላቅ ወንድሜ አለ። ከእናቴ ልጆች የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነን።

"አውቶቡስ ጠፋ?"

"አልጠፋም።"

"አውሮፕላንስ?" አለችና አንዱ በላያችን እያለፈ ስለነበር ድምፁ እስኪርቅ ሁለታችንም ጠበቅን። እኛ ሰፈር ጭቅጭቅም በአውሮፕላን ይቋረጣል። ሲያልፍ ግን አልደገመችውም። ለምን እንደምሄድ ታውቃለች፤ የማታውቀው ለምን በሞተር እንደሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ የወንድሜ ሚስት ሞተች። የወንድሜ ሚስት ብሎ ማለፍ እሷን ማሳነስ ነው። ወንድሜ አስተማሪ ሆኖ ደሎ መና ሲመደብ እኔን ከእናታችን ተቀብሎ ይዞኝ ሄደ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እሷ የጎባ ልጅ ናት። ገና ሙሽርነቷን ሳትጨርስ የሰው ልጅ መጣባት፤ አንድ ቀን ፊቷን ሳታጠቁርብኝ አራት ዓመት አሳደገችኝ። ሒሳብ ስወድቅ ካርዴን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ትደብቅና ወንድሜ ደመወዝ ተቀብሎ ደስ ያለው ቀን ታወጣለት ነበር። ካርዱ ዱቄት ለብሶ ሲወጣ ወንድሜም ነገሩ ገብቶት ይስቃል። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ "ሳነቴ ሳንባህን ይበላዋል" ብላ ያረጀ ብርድ ልብስ ቆርጣ ኮቴ ውስጥ ሰፋችልኝ። ቡናማ ነበር፣ ጢስ ጢስ ይል ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የሞቷን ወሬ የሰማሁ ዕለት ለወንድሜ መጣሁ ብዬው ሌሊቱን ስባንን አድሬ ማለዳ መናኸሪያ ሄድኩ። ትኬት ቆረጥኩ፣ ቦርሳዬን አስጫንኩ፣ ቦታዬን ያዝኩ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ለጎረቤቱ "ሳነቴ ላይ መንገድ ተቆርጧል አሉ፤ ናዳ ነው" ሲል ሰማሁ። አሉ ነው እንጂ አየሁ ያለ የለም። እኔ ግን ብድግ አልኩና ቦርሳዬን አስወረድኩ። አውቶቡሱ ሰው እንደሞላ ሄደ። ቦርሳዬን ቤት ጥዬ ቦሌ አንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ዲሽ ስገጥም ዋልኩና ሲመሽ ከዚያው ሆኜ ለወንድሜ ደወልኩ። "መንገድ ተዘጋ" አልኩት።

"ይሁን። ዝናብ ነው" አለኝ።

ሥራ ይዞኝ ነው እንዳልል ሥራው ሳምንትም ይቆይ ነበር። ያለ እሷ ያንን ቤት መግባት ፈርቼ ነው። መንገዱ ተቆርጧል ሲባል ደስ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ልውጠው ያቃተኝ ይኸው ነው፤ ያሳደገችኝ ሴት ሞታ እኔ ደስ አለኝ። ለሰልስቷም ለአርባዋም አልሄድኩም። አንዴ ተዘጋ ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ተከፈተ ብሎ ብቅ ማለት ይጨንቀዋል፤ እያደር ደግሞ ይብስበታል። በእኛ ዘንድ ከሠርግ የቀረ ሰው ስጦታ ይዞ ይመጣና ይታረቃል። ከለቅሶ የቀረ ግን ምን ይዞ ይመጣል?

ወንድሜ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል፣ እንኳን አደረሰህ ይላል፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እኛ ቤት አንዲት ቢጫ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አለች። ማር በሚቆረጥበት ሰሞን ወንድሜ ይደውልና "ጀሪካኗን ላክ" ይለኛል። ባዶዋን ለአውቶቡስ ረዳት እሰጣለሁ፤ የሐረና ጫካ ማር ሞልታ ትመለሳለች። አሥር ዓመት እንዲህ ተመላልሳለች። ዘንድሮ ማር ተቆረጠ፣ አለፈ፣ ወንድሜም ስለ ጀሪካን አላነሣም። ባዶዋ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላ ዓመቱን ጉንዳን ስታስተናግድ ከረመች። ባለቤቴ ልትጥላት ሁለቴ አንሥታ ሁለቴም መልሳ አስቀመጠቻት።

እናም የሙት ዓመቷ ሲቃረብ እሄዳለሁ አልኩ። ወንድሜን ፊት ለፊት አይቼ "መንገዱ ክፍት ነበር" እለዋለሁ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ይህ ደግሞ በስልክ የሚባል አይደለም። በሞተር የሆነበትን ምክንያት ለባለቤቴ ያስረዳኋት በማግስቱ ነው።

"አውቶቡስ ላይ ራሴን አላምነውም" አልኳት። "አንዱ መንገድ ተቆርጧል አሉ ቢል እወርዳለሁ። አውሮፕላኑ ለጉም ተሰረዘ ቢባል ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ሞተሩ ግን የራሴ ነው። ተቆርጧል ቢሉኝ የተቆረጠው ድረስ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ።"

"ከመሞት መሰንበት የሚባል ነገር አልሰማህም?"

"ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባልም ሰምቻለሁ።"

ከኩሽናው በር ጀርባ ያለውን የድሮ የቀን መቁጠሪያ አወረደችና "እንግዲያው ዕቅድህን እዚህ ለጥፍ፤ እኔም ላየው" አለችኝ። የዕቅዴን የመጀመሪያ ደጋፊ ያገኘሁት እንዲህ ነው።

የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ጉዞው ሁለት ቀን ነበር። ዓርብ ንጋት ተነሥቼ አዳባ አድራለሁ። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቼ ዲንሾንና ሮቤን አልፋለሁ፤ አራት ሰዓት ጎባ። ሳነቴን ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት መጨረስ አለብኝ፤ ከስምንት ሰዓት ወዲያ በረዶው ይጀምራል፣ ጉሙም የራስን የፊት ጎማ ይደብቃል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እገኛለሁ። ወረቀቱን ስጽፈው ዝግጅቱ የአንድ ጠዋት ሥራ መሰለኝ። አንድ ወር ሙሉ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ መካኒኬ ዘንድ ሄድኩ። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሃያ ዓመት ሞተር የፈታ የስልጤ ሰው ነው፣ አፉ ሹል፣ ልቡ ቅን።

"የት ልትሄድባት ነው?" አለኝ።

"ደሎ መና።"

"መቼ?"

"ሐምሌ መጨረሻ።"

እሳት የምትጭረውን ካንዴላ እያጸዳ ነበር፤ አቆመ። "ወንድሜ፣ የምመረምረው እሷን ነው አንተን?"

ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። ለቅሶ መቅረቴን ሲሰማ የጠበቅሁት ቀልድ ነበር፤ እሱ ግን አልቀለደም። "ይሄማ ዕዳ ነው" አለና ሞተሯን ወደ ውስጥ ገፋት። ከዚያ ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳ ቤንዚን እንደሚበዛባትና እንደምትታፈን አስረዳኝ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፍ የምስር ፍሬ የምታህል የነሐስ ቁራጭ አለች፤ ጎባ ስደርስ እሷን አውጥቼ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለው መለወጥ አለብኝ።

"ቀላል ነው" አልኩት። እጄን ስለማምነው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ጣሪያ ላይ ብሎን ያሰርኩ ሰው ነኝ።

የጎማ ቀዳዳ የሚፈልግበትን ባልዲ ጎተተና "እጅህን ክተት" አለኝ። የክረምት ውኃ ነው፣ በዚያ ላይ ከሱቅ የቀዘቀዘ ውኃ አምጥቶ ጨመረበት። ሰዓቱን እያየ አቆየኝ። ጣቶቼ የኔ መሆናቸው ሲጠፋኝ "በል አሁን ለውጣት" አለ። ነሐሷን ሦስት ጊዜ ጣልኳት። በሦስተኛው ከጭቃው ውስጥ ስፈልግ በእንብርክክ ሆኜ ነበር፤ እሱም በላዬ ቆሞ "ሳነቴ ላይ እጅህ እንዲህ ነው የሚሆነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለኝ። ተናደድኩ። በእሱ ሳይሆን በጣቶቼ ነው የተናደድኩት።

አራት እሑድ ተመላለስኩ። በየእሑዱ ባልዲው ይቀርባል፣ እጄ ይገባል፣ ከዚያ ካንዴላ እፈታለሁ፣ ጎማ አውልቄ አየር የሚይዘውን ከመነዳሪ እለውጣለሁ። ሻይ የሚጠጡ ታክሲ ሾፌሮች ወንበር አዙረው ያዩኝ ጀመር። አንዱ "ምን አጥፍቶ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። መካኒኬ "እሱ ያውቃል" ብሎ መለሰለት። በአራተኛው እሑድ ነሐሷን ሳልጥል ለወጥኳት፤ ማንም አላጨበጨበም፤ እሱ ብቻ ባልዲውን ደፋው።

ልብሱ ሌላ ፈተና ነበር። መገናኛ ግማሽ ቀን ዞሬ የዝናብ ልብስ ገዛሁ። ለጓንት ባለቤቴ መላ አገኘች፤ ከሱፉ ጓንት በላይ የዕቃ ማጠቢያውን የላስቲክ ጓንት አጠለቀችልኝ። ሮዝ ነው። "በዚህ ነው ባሌ የምገባው?" ስላት "የሚያይህ ቀበሮ ብቻ ነው" አለችኝ።

ጃኬቱን ግን ምድር ቤት ላለው ልብስ ሰፊ ይዤ ወረድኩ። ብርድ ልብስ ቆርጠህ ደረቱና ጀርባው ላይ ከውስጥ ስፋልኝ አልኩት። ጨርቁን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ "ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ስንት ዓይነት ገበር እያለ?" አለኝ። እንዲያውም ናሙና ሁሉ አወጣልኝ። ብርድ ልብስ ነው የምፈልገው ብዬ ድርቅ አልኩ። ሲጨርስ እዚያው ለብሼ ቆለፍኩት። ከበደኝ፣ ሞቀኝም። ጢሱ ብቻ የለውም። ልቅሶዬ መጣና ሒሳቤን ሰጥቼ ፈጥኜ ወጣሁ፤ ሰውየው የሰፋው ያልጣመኝ መስሎት እስከ በሩ ተከተለኝ።

የመንገዱን ወሬ የማገኘው ጎባ መናኸሪያ ሻይ ከምትሸጥ ሴት ነበር። ስልኳን የሰጠኝ መካኒኬ የሚያውቀው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አሉ የሚባል ወሬ አላምንም ብዬ ምዬ ስለነበር በየሁለት ቀኑ እደውልላታለሁ። "ዛሬ ከመና የመጣ መኪና አለ?" እላለሁ። "አለ፤ ሾፌሩ እዚህ እንቁላል እየበላ ነው፣ ላገናኝህ?" ትለኛለች። አንዳንዴም ሳትጠየቅ ራሷ ትደውልና "ዛሬ በረዶ ጥሏል፣ ግን እያለፉ ነው" ትላለች። አንድ ቀን "ለመሆኑ ምን ልታመጣ ነው እንዲህ መንገድ የምትሰልለው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ምንም አላመጣም። የምመልሰው ነገር አለ" አልኳት። አልገባትም መሰለኝ፣ መንገዱን ግን መንገሯን አላቆመችም።

ከመሄዴ በፊት ባለው እሑድ ጭነቴን ሙሉ በሙሉ አስሬ አራብሳ ውስጥ ልሞክር ወጣሁ። መሣሪያ፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ የጎማ መንፊያ፣ መለወጫ ልብስ፣ በላስቲክ ሁለቴ የተጠቀለለ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጧፍ፣ ባለቤቴ የጫነችብኝ በሶና ዳቦ ቆሎ። ሁሉንም ልክ እንደ ገበያ አህያ ከኋላ ቆለልኩት። ከሕንፃችን ጀርባ ያለው ጭቃ ላይ ስደርስ የፊት ጎማዬ ቀለለ፣ ሞተሯ አንገቷን አነሣችና በጎኗ ተኛች፣ እኔም አብሬ። በየበረንዳው ያለ ጎረቤት ሁሉ አየኝ። አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ "ዲሽ ሠሪው ዘንድሮ ሳተላይቱን ራሱን ሊሰቅል ነው እንዴ!" ብሎ ጮኸ፤ ሕንፃው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጉልበቴ ባያመኝ ኖሮ የበለጠ እስቅ ነበር።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ፈታሁና ከሱቅ በተዋስኩት ሚዛን አንድ በአንድ መዘንኩ። ከባዱን ወደ ፊትና ወደ ታች፣ ቀላሉን ወደ ላይ፤ ግራና ቀኙ እኩል። ዳቦ ቆሎው ግማሹ ቀረ። ጧፉን ከደረቴ ጋር ልይዘው ወሰንኩ። ከሦስት ቀን ማሰርና መፍታት በኋላ ረቡዕ ማታ ላይ ጭነቱ ተስተካከለ። ገመዱ ሲነካ እንደ ክራር ክር ይጮህ ነበር። ከዚህ በኋላ አንዲት መርፌ አልጨምርም ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነበር። እንደምመጣ አልነገርኩትም ነበር፤ ባለቤቴን ብመለከታት ወጡን አተኩራ ማየት ጀመረች።

"በሞተር ልትመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ" አለኝ።

"አዎ ጋሼ።" ታላቄ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

"ሳነቴ ላይ መንገድ ተቆርጧል" አለ ረጋ ብሎ። "ናዳ ነው። አትቸገር። ዝናብ ነው፣ ሰው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ጸሎቱን እዚያው ሆነህ አድርስ።"

ያን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለሻይ ሻጯ ደውዬ ነበር። ከመና የመጡ ሦስት መኪኖች ቆመዋል፣ አንዱ ሾፌር ሳነቴን ፀሐይ ላይ አለፍኩት ብሏል ብላኛለች። ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም። ወደ አርባ ዓመት ያስተማረ፣ ለተማሪ ግማሽ ነጥብ እንኳ ጨምሮ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን የራሴን ውሸት አጥቦና አጣጥፎ መልሶ ሰጠኝ፤ እንድለብሰው፣ እንዳይበርደኝ። ብቀበለው ማንም አይከሰኝም፤ ሞተሯም ከሰፈር ሰፈር ሽቦ ወደ ማመላለሷ ትመለሳለች። ፊት ለፊት ካልሆነ አይባልም ያልኩትን ነገር ወጥ የነካ እጄን ሳልታጠብ አልኩት።

"ጋሼ፣ መንገዱ ክፍት ነው" አልኩ። "ያን ጊዜም ክፍት ነበር።"

በወዲያ በኩል ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል። ባለቤቴ ማማሰያውን አስቀመጠች።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ያን ቀን ገና ሳትደውልልኝ አውቶቡሱ ሲገባ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቅሁህ። ረዳቱንም ገብቼ ላይ አልኩት፤ የተኛህ መስሎኝ።"

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ይቅር በለኝ ማለት ጀምሬ ይመስለኛል፤ ቃሉ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ። የዓመት ልቅሶ ነው፤ እሷን ያለቀስኳት ያኔ ነው፣ ቁጭ ብዬ፣ ምሳ ፊት። ወንድሜ አላስቆመኝም። እሱም ማልቀሱን የሰማሁት ዝናቡ ጋብ ሲል ነው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጀሪካኗ አለች?" አለኝ።

"አለች።"

"የሚቀጥለው ማር ገና ነው። ግን ይዘሃት ና፤ እዚህ ትቆይ።" ትንሽ አሰበና "ዲንሾ ላይ ጓንትህን ደርብ" ብሎ ዘጋው።

በረንዳ ወጣሁ። ባለቤቴ ቀድማኝ ጀሪካኗን በሙቅ ውኃ እያጠበች ነበር። ይዣት ወርጄ ሞተሯ ላይ ባስቀምጣት ወር የደከምኩበት ጭነት ወደ ግራ አዘነበለ። ገመዱን በሙሉ ፈታሁና ከመጀመሪያው ማሰር ጀመርኩ።